የአያቴን ሽጉጥ ማህተም ላነበቡልኝ አዛውንት ምስጋና

በርሚንግሃምና አካባቢዋ ያላችሁ ወገኖች፣ አገር ቤት የቀረ የድሮ የእንግሊዝ ሽጉጥ ያላችሁ ይህን አንብቡልኝ። ዕቃውን ወዲህ አታምጡ፣ የዚህ አገር ሕግ ቀልድ አያውቅም። ፎቶ ይበቃል።

የአያቴ ባለ ስድስት ጎራሽ ጎጃም አጎቴ ጋ ነው፣ ፈቃድ አለው። አያቴ አርበኛ ነበሩ። አክስቴ «ከጣሊያን መኮንን የማረኩት ነው» ትላለች፤ አጎቴ ደግሞ «በ1933 ከእንግሊዞች ጋር ሲዘምቱ የተሰጣቸው ነው» ባይ ነው። በዚህ ክርክር ስንት የፋሲካ ዶሮ ቀዝቅዟል!

ለማጣራት ሦስት ቦታ ሄድኩ። አንዱ ፎቶውን አይቶ ሳይጨርስ «ፎርጅድ ነው» ብሎ ስልኬን መለሰልኝ። ሌላው ገንዘቤን ተቀብሎ «የቆየ የእንግሊዝ ሽጉጥ» የሚል ወረቀት ላከልኝ። ይህንንማ እኔም አውቃለሁ! ሦስተኛው ይባስ ብሎ «በአሸዋ ወረቀት ፈትጉት፣ ሲያበራ ዋጋ ያወጣል» አለን። አጎቴ የአሸዋ ወረቀቱን ገዝቶ ነበር፤ ቢፈትገው ማህተሙም አብሮ በጠፋ። ሳስበው አሁንም ያንዘፈዝፈኛል።

እኚህን አዛውንት የጠቆመኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። የአሸዋ ወረቀቱን ነገር ስነግራቸው ሻያቸውን አስቀምጠው «አሁኑኑ ደውልለት» አሉኝ። እኔ እያስተረጎምኩ፣ ስስ ወረቀት ምልክቱ ላይ አድርጎ በእርሳስ ቀስ እያለ እንዲያጠቁረው በቪዲዮ አሳዩት። ልጆች ሆነን «የዶሮ እግር» የምንላት ጭረት ፍንትው ብላ ወጣች። ለካ የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ምልክት ናት! መንግሥት ሲሸጠው ሌላ የዶሮ እግር ፊት ለፊቷ ይመታል አሉ፤ የእኛው ላይ የለም። ሽጉጡ ዌብሊ ማርክ 6 ነው፣ በፈረንጅ 1917 እዚሁ በርሚንግሃም የተሠራ። እኔ በየቀኑ በአውቶቡስ የማልፍበት ከተማ! ሽጉጡ ላይ ስለተመታው ዘውድና ስለ ቁጥሮቹም ብዙ አስረዱኝ፤ እውነቱን ለመናገር አንዱም አልገባኝም።

«ታዲያ አያቴ ከማን አገኙት?» አልኳቸው። «ማህተሙ የማን እንደነበር ይነግረናል፤ በማን እጅ እንዳለፈ አይነግረንም» አሉ። ደስ ይበለው ብለው አልዋሹኝም። ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ለዚህ ነው። አክስቴ ግን «ጣሊያኑስ ከእንግሊዝ ማርኮት ቢሆን?» ብላ ይኸው አልተረታችም።

ገንዘብ እንቢ አሉ። የጠየቁኝ የአያቴን ፎቶ ብቻ ነው፤ ጎፈሬያቸውን እንዳጎፈሩ የተነሱትን አሳጥቤ ሰጠኋቸው፣ ግድግዳቸው ላይ ሰቅለውታል።

ሂዱ፣ አትጠራጠሩ፣ እሳቸው ጋ ሂዱ። አድራሻቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ስትሄዱ የተቆላ ቡና ያዙላቸው፤ የእኔን ጨርሰውታል።