ለትንሽ የቤት ቶርኖ ምትክ ሞተር፦ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተርና ኢንቨርተር ሲመዘኑ

በዚህ ጽሑፍ የምገመግመው በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ አነስተኛ የብረት ቶርኖ ሞተሩ ሲቃጠል የተካሁባቸውን ሁለት ዕቃዎች ነው። አንደኛው የቻይና ሥሪት የሆነ 0.37 ኪሎዋት ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ሲሆን፣ ሁለተኛው ከተለመደው ባለ 220 ቮልት የቤት መስመር ተነሥቶ ሦስት ፌዝ የሚያወጣና ሄርዙን (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበትን ብዛት) የሚለዋውጥ 0.75 ኪሎዋት ኢንቨርተር ነው። ሁለቱም መርካቶ ከሚገኙ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች የተገዙ ናቸው። በትርፍ ጊዜው ብረት ለሚሠራና በቤቱ ነጠላ ፌዝ ብቻ ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ ምርጫ አለ ብዬ አላምንም፤ ይህን የምለው ግን የገመዱ ሥራ ከዚህ በታች እንደማብራራው በጥንቃቄ እስከተሠራ ድረስ ብቻ ነው።

ቶርኖው በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ካላማዙ ከተማ የነበረው የአትላስ ፕሬስ ኩባንያ የሠራው ባለ 6 ኢንች ሲሆን፣ ከቤት ዕቃ ጋር በኮንቴነር ተጭኖ አዲስ አበባ የገባ ነው። አብሮት የመጣው ሞተር 1/3 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ በ115 ቮልትና በ60 ሄርዝ በደቂቃ 1725 ዙር እንዲዞር የተሠራ ነበር። እንዲህ ያለ ዕቃ ከአሜሪካ የደረሰው ሰው ብዙውን ጊዜ ከ220 ወደ 110 የሚቀንስ ትራንስፎርመር ገዝቶ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ትራንስፎርመር ግን ቮልቱን እንጂ ሄርዙን አይለውጥም። የእኛ መስመር 50 ሄርዝ በመሆኑ ሞተሩ ከፍጥነቱ አንድ ስድስተኛ ያህል ያጣል፤ ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ቮልቱ ለሄርዙ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ሞተሩ ከተሠራበት 1.92 ወደ 2.2 ከፍ ስለሚል፣ የብረቱ ልብ ከታሰበለት 15 በመቶ ያህል የበለጠ መግነጢስ እንዲሸከም መገደዱ ነው። ሥራ ሳይጫንበት እንኳ ብዙ አምፔር ይስባል፤ ይግላል፤ የጥቅልሉ ቫርኒሽ ቀስ በቀስ እየበሰለ ይሄድና አንድ ቀን ይቃጠላል።

የተቃጠለውን ሞተር ማስጠቅለል የመጀመሪያው አማራጭ ነው፤ በሙያው የተካኑ ሞተር ጠቅላዮችም ሞልተዋል። ይሁን እንጂ ይህን ሞተር ለ220 ቮልትና ለ50 ሄርዝ ለመቀየር የሽቦው ዙር ወደ 2.3 እጥፍ ማደግ፣ ሽቦውም በዚያው ልክ መቅጠን አለበት፤ የማስነሻው ጥቅልልና ካፓሲተሩም (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) እንደገና መሰላት ይኖርባቸዋል። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ የሚገኘው ያው አንድ ፍጥነት ያለው፣ የማስነሻ ማብሪያው ያረጀና ኩሽኔታው የተበላ አሮጌ ሞተር ስለሆነ ወጪው አላሳመነኝም።

ሁለተኛው አማራጭ ለአነስተኛ ወፍጮና ለመሳሰሉት ማሽኖች በብዛት የሚሸጠው ባለ ሁለት ካፓሲተር ነጠላ ፌዝ ሞተር ነው። ዋጋው ቀላል ነው፣ መለዋወጫው በየቦታው ይገኛል፣ ሲነሣም ብርቱ ነው። ለቶርኖ ሲሆን ግን ሁለት ነገሮች ይጎድሉታል። የነጠላ ፌዝ ሞተር ጉልበት በሰከንድ 100 ጊዜ ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ ንዝረቱ በችንጋው በኩል አልፎ በቀላል ቶርኖ ላይ ለማጠናቀቂያ የሚወሰደው ስስ ቆረጣ ላይ ይታያል። ከዚህ ሌላ፣ ምሽት ላይ ቮልት በሚወርድበት ሰፈር ሞተሩ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ሳይደርስ ስለሚቀር የማስነሻው ካፓሲተር ከመስመሩ ሳይወጣ ይቆያል፤ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የተሠራው ካፓሲተር ደግሞ ያን ያህል ሲቆይ ያብጣል ወይም ይፈነዳል።

ከውኃ መሳቢያ ላይ የተፈታ ሞተርም በርካሽ ይገኛል። እሱ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 2850 ዙር የሚዞር፣ ከፓምፑ አካል ጋር ተያይዞ የተሠራና የራሱ የሆነ መቆሚያ እግር የሌለው በመሆኑ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ስለ ጉልበቱ መጠን ሻጮች የሚሰጡት ምክር አንድ ዓይነት ነው፦ ትልቁን ውሰድ፣ አትቆጭም። እኔ በዚህ አልስማማም። የአትላስ ቶርኖ አብዛኞቹ ጥርሳም ጎማዎችና ፑሊዎች ዛማክ ከሚባለው ዚንክ የበዛበት ቅይጥ የተሠሩ ናቸው፤ መቁረጫው ብረቱ ውስጥ ተቀርቅሮ ሲቆም የሞተሩ ጉልበት የሚያርፈው በእነዚህ ጥርሶች ላይ ነው። ሞተሩ ልከኛ ከሆነ ችንጋው ይንሸራተታል፤ ሞተሩ ግዙፍ ከሆነ ግን ጥርሱ ይረግፋል፣ ምትኩንም እዚህ አገር ማግኘት ዘበት ነው። ከ1/3 የፈረስ ጉልበት ወደ ግማሽ ማደግ፣ ማለትም 0.37 ኪሎዋት፣ ከበቂ በላይ ነው።

የተገዛው ሞተር በዓለም አቀፉ ልኬት 71 ቁጥር የሚባለው ነው፤ ከመቆሚያው እስከ ሻፍቱ መሐል 71 ሚሊ ሜትር፣ ሻፍቱ 14 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ኪው (ፑሊው ሻፍቱ ላይ እንዳይሽከረከር የሚይዘው ቁራጭ ብረት) 5 ሚሊ ሜትር ነው። የአሜሪካው ሞተር ሻፍት ግማሽ ኢንች ወይም 12.7 ሚሊ ሜትር ስለነበር ፑሊው ወደ 14 ተቦርቡሮ የኪ ቦይ ወጣለት፤ የራስ ቶርኖ ሞተር አልባ በሆነበት ጊዜ ይህን ሌላ ጋራዥ ማሠራት ግድ ነው። በከፍታው ልዩነት ምክንያት ከሞተሩ ሥር 5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ገብቷል።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የሞተሩን ሰሌዳ አንብቡ። የምትፈልጉት 220/380 ቮልት፣ ዴልታ/ስታር የሚል ነው፤ ዴልታና ስታር ሦስቱ ጥቅልሎች እርስ በርስ የሚታሰሩባቸው ሁለት መንገዶች ሲሆኑ፣ ሰሌዳው በዴልታ 220፣ በስታር 380 ማለቱ ነው። በነጠላ ፌዝ 220 የሚሠራ የተለመደ ኢንቨርተር ከ220 ቮልት በላይ ማውጣት ስለማይችል ሞተሩ የግድ በዴልታ መታሰር አለበት፤ ሰሌዳው 380/660 የሚል ከሆነ በዴልታም ቢታሰር 380 ቮልት ስለሚፈልግ ጉልበቱ ይጠፋል። ቀጥሎ የገመድ ሳጥኑን ክዳን አስከፍቱ። በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ስድስት ብሎኖች ታያላችሁ፤ ከላይ ደብልዩ2፣ ዩ2፣ ቪ2፣ ከታች ዩ1፣ ቪ1፣ ደብልዩ1። እኔ የገዛሁት ከፋብሪካ ሲወጣ ሦስቱን የላይኞች አግድም በሚያገናኙ የመዳብ ጠፍጣፋዎች በስታር ታስሮ ነበር። ጠፍጣፋዎቹን ፈትቶ እያንዳንዱን የላይኛ ብሎን በቀጥታ ከሥሩ ካለው ጋር ቁልቁል ማገናኘት ዴልታ ያደርገዋል። ጠፍጣፋዎቹ ወጥተው ሳሉ የሦስቱን ጥቅልሎች ኦም በቴስተር መለካት ይገባል፤ ሦስቱም እኩል መሆን አለባቸው፣ ከሞተሩ አካል ጋርም ምንም ግንኙነት ማሳየት የለባቸውም።

ኢንቨርተሩ በሁለት ጫፍ 220 ቮልት ይቀበላል፣ በሦስት ጫፍ ወደ ሞተሩ ይሰጣል። የቤቱን መስመር በስሕተት በሞተሩ ጫፎች ላይ ያሰረ ሰው ኢንቨርተሩን በዚያው ቅጽበት ያቃጥለዋል። በኢንቨርተሩና በሞተሩ መካከል ማብሪያም ሆነ ኮንታክተር አይገባም፤ ሞተሩ እየዞረ ያ መስመር ሲቋረጥ የኢንቨርተሩ ትራንዚስተሮች ይጎዳሉ። የቶርኖውን የድሮ ማብሪያ ማጥፊያ እዚያው ላይ ማስቀመጥ ብዙ ሰው የሚመርጠው አቋራጭ ስለሆነ ደግሜ አስጠነቅቃለሁ። ማስነሣትና ማቆም የሚከናወነው በዝቅተኛ ቮልት በሚሠሩት የትእዛዝ ጫፎች በኩል ብቻ ነው። ከፊት ያለው ብሬከር፣ ለዚህ መጠን 10 አምፔር፣ ኃይሉን ሙሉ በሙሉ ለመለያየት የሚያገለግል ነው። ከተለያየ በኋላም በውስጡ ያለው ካፓሲተር እስኪራገፍ ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይጠብቁ ክዳኑን መክፈት ለሕይወት ያሰጋል።

መብራት በሚሄድበትና በሚመጣበት አገር ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ማሽኑ ኃይል ሲመለስ የሚያደርገው ነገር ነው። የማስነሻው ማብሪያ እንደተጫነ የሚቀር ዓይነት ከሆነ አንዳንድ ኢንቨርተሮች መብራት እንደተመለሰ ሞተሩን ራሳቸው ያስነሣሉ። መብራት ጠፍቶ ሳለ ሰውየው የማንድሪኖውን (የሚቆረጠውን ብረት ጨብጦ የሚዞረውን ክፍል) ቁልፍ ሰክቶ ብረቱን ሲያስተካክል ኃይል ቢመለስ የሚሆነውን ማሰብ አይከብድም። ስለዚህ የትእዛዙ ገመድ በሦስት ሽቦ መታሰር አለበት፦ ተጭነው ሲለቁት የሚመለስ አረንጓዴ ማስነሻ፣ ሁልጊዜ ዝግ የሆነ ቀይ ማቆሚያ፣ የጋራ ጫፍ። እንዲህ ሲታሰርና በማስተካከያው ዝርዝር ውስጥ በራስ መነሣት የሚለው ሲዘጋ፣ ኃይል ቢመለስም አረንጓዴው ካልተጫነ ማሽኑ ባለበት ይቆያል። ማስተካከያው ከተጠናቀቀ በኋላ ማንድሪኖው ባዶ ሆኖ እየዞረ ብሬከሩን በማጥፋትና መልሶ በማብራት ይህን መፈተን ግዴታ ነው። የገዛሁት ኢንቨርተር ይህን ፈተና ያለ እንከን አልፏል።

የመሬት ሽቦውም እንዲሁ ችላ አይባልም። በብዙ ቤቶች ሶኬቱ የመሬት ቀዳዳ ቢኖረውም ከኋላው ሽቦ የለም። ኢንቨርተር በባሕርዩ ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ አካሉ ስለሚያሾልክ፣ መሬት በሌለበት ቤት የቶርኖው ብረት እጅን ይነዝራል። በፌዙና በመሬቱ ቀዳዳ መካከል በቴስተር ለክቶ 220 አካባቢ ካላገኙ የመሬት ዘንግ ማስቀበር ያስፈልጋል፤ ቴስተሩ 220 ቢያሳይም የመሬቱን ጥራት በሚገባ የሚለካው በመሣሪያው የሚመጣ ኤሌክትሪሺያን ነው።

ከማስተካከያዎቹ ውስጥ የሞተሩን አምፔር ማስገባት ቀዳሚው ነው። ኢንቨርተሩ ለ0.75 ኪሎዋት የተሠራ በመሆኑ በፋብሪካ የተሞላለት 4 አምፔር ያህል ነው፤ የሞተሩ ሰሌዳ ግን በዴልታ 1.9 ይላል። ቁጥሩ ካልተቀየረ ኢንቨርተሩ ሞተሩ ሲጨስ ዝም ብሎ ያያል። የማቆሚያውን ጊዜ በ4 ሰከንድ ላይ አድርጌዋለሁ፤ የዚህ ቶርኖ ማንድሪኖ እንደ ብሎን በጥርስ እየተጠመዘዘ የሚገባ ስለሆነ ድንገት ቢቆም ተፈትቶ ሊወድቅ ይችላል። በዚሁ ምክንያት ወደ ኋላ መዞርን የሚከለክለው ማስተካከያ እንዲበራ ተደርጓል።

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ። ሞተሩ በ50 ሄርዝ በደቂቃ 1400 ዙር ያህል ስለሚዞር ፑሊውን ሳልቀይር ኢንቨርተሩን ወደ 62 ሄርዝ ከፍ በማድረግ የድሮውን 1725 ዙር መልሼ አግኝቻለሁ። ለውጡ ጎልቶ የታየው በነሐስ ቡሽ ላይ ነው፤ ቀድሞ በስስ ቆረጣ ላይ በዓይንም በጥፍርም የሚታወቀው እርከን ጠፍቶ ፊቱ ወጥ ሆኖ ወጥቷል። ረጅምና ቀጭን ዘንግ ሲንጫጫም ማሽኑን ሳያቆሙ ፍጥነቱን በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ ጩኸቱን ያጠፋዋል። የብሎን ጥርስ ሲወጣ ደግሞ ወደ ትከሻው ሲቃረቡ ፍጥነቱን መቀነስ መቻል፣ ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ከዋጋው ልዩነት የሚበልጥ ጥቅም ነው።

ይህ ማለት ግን ችንጋውን ከፑሊ ወደ ፑሊ ማዛወር ቀርቷል ማለት አይደለም። ሞተሩ ሄርዙ ሲወርድ የማዞር ጉልበቱን ቢይዝም አጠቃላይ ኃይሉ ከፍጥነቱ ጋር ይወርዳል፤ ማራገቢያውም በራሱ ሻፍት ላይ ስለተሰካ ከ20 ሄርዝ በታች ለረጅም ጊዜ ሲሠራ አየሩ አይበቃውም፣ አካሉ እጅ እስከማያስይዝ ይግላል። ወፍራም ብረት በዝቅተኛ ፍጥነት ሲቆረጥ ትክክለኛው መንገድ ችንጋውን ማዛወር ነው፤ ኢንቨርተሩን ከ30 እስከ 65 ሄርዝ ባለው ውስጥ መጠቀም ይበቃል።

ከሞተሩ ይልቅ ቅሬታዬ የሚበዛው በኢንቨርተሩ ላይ ነው። ፊቱ ላይ ያለው የፍጥነት ማዞሪያ ቀጭንና ልል ነው፤ በውጭ ሌላ ማዞሪያ ማሰር የተሻለ ነው። መመሪያው በተሰባበረ እንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ የሦስት ሽቦውን አሠራር ለመረዳት የጫፎቹን ሥዕል እንጂ ጽሑፉን መከተል አይቻልም። ማቀዝቀዣው ማራገቢያ አየር የሚስብበት አፍ ክፍት ስለሆነ የብረት ፍቅፋቂ በቀላሉ ይገባበታል፤ አንድ ቅንጣት ደግሞ ቦርዱን ለማቃጠል ይበቃል። ከቶርኖው ርቆ፣ ግድግዳ ላይ፣ ከሥሩ በማጣሪያ ጨርቅ አየር በሚስብ የላሜራ ሳጥን ውስጥ እንዲቀመጥ አድርጌዋለሁ።

ሁለቱ ዕቃዎች ተደምረው ከባለ ሁለት ካፓሲተሩ ሞተር በግልጽ ይበልጣሉ። አልፎ አልፎ ብሎን ለማሳጠር ብቻ ቶርኖ የሚያስነሣ ሰው ይህን ያህል ማውጣት አይጠበቅበትም፤ በ1400 ዙር የሚሠራ፣ እግር ያለው ነጠላ ፌዝ ሞተር ይግዛ፣ የሞተሩን ፑሊ በሩብ ያህል ያሳድግና መብራት ሲሄድ ራሱ የሚለቅ ማብሪያ ይግጠምለት። ቡሽ፣ ፒስተን፣ ጥርስ፣ መለኪያ የሚሠራ ግን ልዩነቱን ይክፈል፤ ሲገዛም ኢንቨርተሩን እዚያው መደብሩ ውስጥ ከሞተሩ ጋር አሳስሮ፣ ሦስቱም ፌዝ መውጣታቸውን አስለክቶ ይውሰድ።