የመራጮች ምዝገባ በኮምቦልቻ፦ መስተንግዶው ጥሩ፣ ማስታወቂያው ደካማ

በ2013 ለ6ኛው ጠቅላላ ምርጫ ኮምቦልቻ እኛ ሰፈር ባለው ጣቢያ ተመዝግቤ የመራጭ ካርዴን ወስጃለሁ። ሰው ስለ ካፌና ስለ ሆቴል አስተያየት ይጽፋል። ይሄ አገልግሎት ግን ከሁሉም በላይ ሊወራለት ይገባል፣ ምክንያቱም ካርድ ያላወጣ ሰው የምርጫው ቀን ቤቱ ነው የሚውለው። ከአምስት አራት ኮከብ ሰጥቻለሁ።

ጥሩውን ላስቀድም። ምዝገባው ነፃ ነው፣ ሳንቲም የሚጠይቅ የለም። ያን ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመው ሁሉም ፆመኛ ነበር፣ የኮምቦልቻን ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ማስክ ሲጨመርበት አስቡት። አስፈጻሚዎቹ ግን ፊታቸውን አላጠቆሩም። ከፊቴ አንድ አዛውንት ነበሩ። መዝጋቢዋ «አባባ፣ ፊርማ ካስቸገረዎ በጣት ይሆናል» አለቻቸውና ቀለሙን አቀረበችላቸው፣ መዝገቡ ላይ ቦታውን አሳየቻቸው፣ ከዚያ ከቦርሳዋ ሶፍት አውጥታ ሰጠቻቸው። መርቀዋት ወጡ።

ማን ይመዘገባል? ያኔ የተመዘገብንበት ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1162/2011፣ የጠየቀው ብዙ አልነበረም። ኢትዮጵያዊ መሆን፣ በምዝገባው ቀን 18 ዓመት መሙላት፣ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር። በፍርድ የመምረጥ መብቱ የተገደበ ሰውና በአእምሮ ሕመም ምክንያት መወሰን የማይችል ሰው አይመዘገብም። የቀበሌ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ይዛችሁ ሂዱ። ከሌላችሁ ሌላ ማንነት የሚያሳይ ሰነድ አለ፣ እሱም ከጠፋ የነዋሪዎች ምስክርነት አለ፣ ስለዚህ «መታወቂያ የለኝም» ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። ራሳችሁ መሄድ አለባችሁ፣ ውክልና አይሠራም። በ2007 የወጣ ካርድም ለ2013ቱ አላገለገለም፣ ለየምርጫው እንደ አዲስ ነው።

አሁን አንዷን ኮከብ ያስቀነሰኝን ልናገር። ይሄ ስድስት ወር የሚባለው ነገር ነው ሰዉን የሚያደናግረው፣ በተለይ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የሚሠሩትን ልጆች። አብዛኞቹ ከወረባቦ፣ ከቃሉ፣ ከተሁለደሬ መጥተው ለአራት ለአምስት ሆነው ቤት ተከራይተው ነው የሚኖሩት። እኔ እያለሁ አንዷ መጣች። ከዓመት በላይ እዚህ ኖራለች፣ መታወቂያዋ ግን የገጠር ነው። አንዱ አስፈጻሚ «አገርሽ ሂጂና ተመዝገቢ» አላት። ኧረ ምን ነካው! ሕጉ የሚጠይቀው የት ተወለድሽ ብሎ አይደለም፣ የት ትኖሪያለሽ ብሎ ነው። ደግነቱ ሌላዋ አስፈጻሚ ሰምታ አስቆመቻት፣ ልጅቷም ከቀበሌ የነዋሪነት ማረጋገጫ አጽፋ ተመልሳ ተመዘገበች። ግን ስንቷ ናት ከፈረቃ አንድ ሰዓት ሰርቃ መጥታ፣ «አይሆንም» ስትባል አንገቷን ደፍታ የምትመለሰው? እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። በሩ ላይ በትልቁ «ስድስት ወር እዚህ የኖረ ሁሉ ይመዘገባል» ብሎ መለጠፍ ምን ይከብዳል?

ደሴና ኮምቦልቻ እየተመላለሳችሁ የምትኖሩም አላችሁ፣ ሥራው ደሴ ሆጤ፣ ቤቱ እዚህ ኮምቦልቻ ቦርከና ወንዝ ዳር። የምትመዘገቡት መኖሪያችሁ ባለበት ብቻ ነው። ሁለት ቦታ መመዝገብ ወንጀል ነው፣ እንዳትሞክሩት። ወታደሮችና ከቤታቸው ርቀው ግቢ ውስጥ የሚኖሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ልዩ ጣቢያ ይዘጋጅላቸዋል፣ ስለዚህ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ግቢያችሁን ጠይቁ።

ያኔ አንድ ጣቢያ ከ1,500 ሰው በላይ አይመዘግብም ነበር። ምርጫ ቦርድ የምዝገባውን ቀን አራዘመ ተብሎ የመጨረሻዋን ሳምንት መጠበቅ ጥሩ አይደለም፣ ሰልፉ ያኔ ነው የሚብሰው። እኔ ጠዋት በሦስት ሰዓት ሄጄ ወረፋው ቶሎ ደረሰኝ። ካርዱን ስትቀበሉ እዛው ቆማችሁ ስማችሁን እስከ አያት አንብቡት። ምዝገባው ሲያልቅ መዝገቡ ለሕዝብ ይፋ ይሆናል፣ ስሙ የተዘለለ ወይም የተሳሳተበት ሰው አቤት የሚለው ያኔ ነው። ካርዱንም ከመታወቂያችሁ ጋር አብራችሁ አስቀምጡት፣ ለድምፅ መስጫው ቀን ሁለቱም ያስፈልጋሉ።