የስልክ አፕ፣ የኪስ ቶክን ወይስ የዩኤስቢ ቁልፍ? ራዲየስ ላላቸው መሥሪያ ቤቶች

የመሥሪያ ቤታችሁ ቪፒኤን (ከውጭ ሆኖ ወደ ቢሮው ኔትወርክ መግቢያው) በስምና በፓስወርድ ብቻ የሚከፈት ከሆነ፣ አንድ የተሰረቀ ፓስወርድ በሩን ወለል አድርጎ ይከፍተዋል። ሁለተኛ ማረጋገጫ ይጨመር በሚለው ላይ ብዙ ሰው ይስማማል። ጭቅጭቁ የሚመጣው "የቱን እንግዛ?" ሲባል ነው። እኔ ከዋጋው በፊት የማየው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከጀርባ ያለው ሰርቨር ምን ማሳለፍ ይችላል?

ብዙ ቦታ ከጀርባ ያለው ራዲየስ ነው፤ ማን ይግባ ማን አይግባ የሚለውን ለቪፒኤኑ የሚመልስ ሰርቨር። ሶፍትዌሩ ፍሪራዲየስ ወይም የማይክሮሶፍቱ ኤንፒኤስ ሊሆን ይችላል። ከቪፒኤን ጋር ሲሠራ ብዙውን ጊዜ የሚያመላልሰው ስምና ፓስወርድ ነው። አፑ ወይም የኪስ ቶክኑ የሚያወጣው ባለ 6 አሃዝ ኮድም በዚያው መንገድ ያልፋል። ተጠቃሚው ኮዱን ከፓስወርዱ ጋር አያይዞ ይጽፈዋል፣ ወይም ሰርቨሩ ለብቻው መልሶ ይጠይቀዋል። ሁለተኛው ለሰው ይቀላል፤ የቪፒኤን መሣሪያችሁ ይችለው እንደሆነ ግን ቀድማችሁ ሞክሩት።

የስልክ አፕ በወጪ የሚያህለው የለም። ጉግል ኦተንቲኬተርም ፍሪኦቲፒም በነጻ ይገኛሉ። በሰርቨር በኩል ደግሞ ፕራይቬሲአይዲያ የተባለው ክፍት ሶፍትዌር ከፍሪራዲየስ ጋር ይገናኛል። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው አርኤፍሲ 6238 በተባለ የኢንተርኔት ሰነድ የተደነገገ ነው፤ ስልኩና ሰርቨሩ የጋራ ምስጢር (ሁለቱ ብቻ የሚያውቁት ቁልፍ) ይይዛሉ፣ ከሰዓቱ ጋር አስልተው አብዛኛውን ጊዜ በየ30 ሰከንዱ አዲስ ኮድ ያወጣሉ።

ሰዓቱ ላይ ነው እንግዲህ የእኛ አገር ጉድ የሚመጣው። አንዳንድ ሰው ስልኩ በሐበሻ አቆጣጠር እንዲያሳየው ብሎ ሰዓቱን በእጁ 6 ሰዓት ወደኋላ ይመልሰዋል። ስልኩ 3 ሰዓት ይልለታል፣ ኮዱ ግን አይገጥምም። ከዚያ "ሲስተሙ አይሠራም" ተብሎ አይቲ ክፍል ይደወላል። መፍትሔው ሰዓቱን ወደ አውቶማቲክ መመለስ ነው። የሐበሻውን ሰዓት የሚያሳይ አፕ ለብቻው ይጫንለት። ሰርቨሩም ሰዓቱን ከኔትወርክ ይውሰድ።

የኪስ ቶክን ኮዱን በራሱ ስክሪን የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ ነው። ስሌቱ ያው ነው፤ ልዩነቱ ስልክ አለመፈለጉ ነው። ስማርትፎን ለሌለው፣ ወይም ስልክ ይዞ መግባት በሚከለከልበት ክፍል ለሚሠራ ሰው ይህ ይሻላል። ባትሪው ሲያልቅ ግን ብዙዎቹ አይጠገኑም፤ ሌላ መግዛት ነው። ምስጢሩ ፋብሪካ ውስጥ የሚጫን ከሆነ ደግሞ አምራቹ ጋ ቅጂ ሊቀር ይችላል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 የቶክን አምራቹ ኩባንያ አርኤስኤ ተጠልፎ ከሴኪውርአይዲ ቶክኖቹ ጋር የተያያዘ መረጃ ተሰርቆበታል፤ በኋላም ለደንበኞቹ ቶክን እቀይራለሁ እስከ ማለት ደርሷል። ስለዚህ ምስጢሩን ራሳችሁ የምትጭኑበትን ዓይነት ፈልጉ።

የዩኤስቢ ቁልፍ፣ ለምሳሌ ዩቢኪ፣ ፊዶ2 በተባለው የመግቢያ ስልት ሲሠራ ከሦስቱ ጠንካራው ነው። የድረ ገጹን አድራሻ ስለሚያገናዝብ በሐሰተኛ ገጽ አይታለልም። ችግሩ ፊዶ2 በተራ ራዲየስ አያልፍም፤ ቪፒኤኑ በሳምል (መግቢያውን ወደ ድረ ገጽ በሚያሻግር ስልት) በኩል ብራውዘር ከፍቶ ማስገባት መቻል አለበት። ሻጩ "ከራዲየስም ጋር ይሠራል" ካላችሁ አልዋሸም። ያው ቁልፍ እንደ ኪቦርድ ኮድ መጻፍ ይችላልና። በዚያ መንገድ ከተጠቀማችሁበት ግን ሐሰተኛ ገጽን የመከላከል ጥቅሙ ቀረ፤ ውድ የኪስ ቶክን ገዛችሁ ማለት ነው።

በኤስኤምኤስ የሚላክ ኮድ? ሌላ ሰው በእናንተ ስም ምትክ ሲም ማስወጣት እስከቻለ ድረስ እኔ አልመክረውም።

ለዋይፋይ ብላችሁ ከሆነ ሦስቱንም አትግዙ። የተለመደው የዋይፋይ መግቢያ ስልት ፒኢኤፒ ከኤምኤስቻፕ ጋር ሲሆን ፓስወርዱን ራሱን ስለማይልክ፣ ሰርቨሩ የተያያዘውን ኮድ ነጥሎ ማውጣት አይችልም። ቢሳካም ሰው ከክፍል ክፍል ሲዘዋወር ደጋግሞ ኮድ ሊጠየቅ ነው። እዚያ የሚያዋጣው በየመሣሪያው የሚጫን ሰርተፍኬት (የመሣሪያውን ማንነት የሚያረጋግጥ ዲጂታል ፋይል) ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ የራዲየሱን መስመር አትርሱ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ይፋ የሆነው ብላስትራዲየስ የተባለ ክፍተት፣ መስመሩ መሀል የገባ አጥቂ "አይግባ" የሚለውን መልስ "ይግባ" አድርጎ እንዲለውጥ ያስችላል። ቶክኑ ይህን አያስቆምም። ሰርቨሩንም የቪፒኤን መሣሪያውንም አድሱ።

40 ሠራተኛ ላለው ቢሮ እኔ ብሆን ለሁሉም አፕ፣ ስማርትፎን ለሌላቸው የኪስ ቶክን አደርጋለሁ። የዩኤስቢ ቁልፍ ለአድሚኖች ብቻ፣ ያውም ቪፒኤኑ ሳምል ከቻለ። ለእያንዳንዱ አድሚን ሁለት ሁለት ግዙ፤ አንዱ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ።