ኖቬላ ወይስ ረጅም ልብ ወለድ?

ኖቬላ ከጣልያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ "አዲስ ወሬ" እንደ ማለት። ጣልያናዊው ደራሲ ቦካቺዮ እ.ኤ.አ. ከ1348ቱ ወረርሽኝ በኋላ "ዴካሜሮን" በተባለው መጽሐፉ 100 እንዲህ ያሉ ታሪኮችን ሰብስቧል። በአንዱ፣ የደኸየው ፌዴሪጎ የሚወዳት ሴት ቤቱ ስትመጣ የሚያቀርበው ቢያጣ ብቸኛ ጭልፊቱን አርዶ ያበላታል። እሷ የመጣችው ግን ለታመመ ልጇ ያንኑ ጭልፊት ልትለምነው ኖሯል!

ረጅም ልብ ወለድ ቢሆን ሀብቱ እንዴት እንዳለቀ፣ ዘመድ ጎረቤቱ ምን እንዳለ ሁሉ ይተርክልን ነበር። ያም የራሱ ጣዕም አለው፤ ከሰዎቹ ጋር ዓመታት ያኖረናል። ኖቬላ አንዷን ክስተት አይለቅም። ጀርመናዊው ደራሲ ጎተም እ.ኤ.አ. በ1827 ኖቬላን ተሰምቶ የማያውቅ፣ ግን የደረሰ ነገር ነው ብሎታል።

ዛሬ ቃሉ ከአጭር ልብ ወለድ የረዘመውን፣ ከረጅሙ ያጠረውን ድርሰት ይጠራል። እኔን ብትጠይቁኝ፣ በአንድ ምሽት ተነብቦ ለሳምንት እንቅልፍ የሚነሳኝ ኖቬላው ነው።