ለቻይና ብቻ የተዘጋጀው የ«አይረን ማን 3» ቅጂ

እ.ኤ.አ. በ2013 በሼን ብላክ ዳይሬክተርነት ለእይታ የበቃው የማርቭል ልዕለ ጀግና ፊልም «አይረን ማን 3» ለቻይና ሲኒማ ቤቶች ብቻ የተሰናዳ፣ አራት ደቂቃ ያህል የሚረዝም ሌላ ቅጂ አለው። ሆሊውድ የቻይናን ተመልካች ለመሳብ የሄደበትን መንገድ ለመረዳት ሁለቱን አከታትሎ ማየት ይበጃል።

በዓለም አቀፉ ቅጂ አንጋፋው ተዋናይ ዋንግ ሹዌቺ ዶክተር ዉን ሆነው በስዊዘርላንዷ በርን ከተማ በሚደረገው የአዲስ ዓመት ግብዣ ላይ ብልጭ ብለው ይጠፋሉ። በቻይናው ቅጂ ግን ወተት ይጠጣሉ፣ የጀግናው የኮምፒውተር ረዳት ከሆነው ከጃርቪስ ጋር በስልክ ይነጋገራሉ፣ በመጨረሻም ለጀግናው ለቶኒ ስታርክ የደረት ቀዶ ሕክምና ይዘጋጃሉ፤ ረዳታቸውን ሆና የምትተውነው ዝነኛዋ ፋን ቢንግቢንግ ደግሞ በዓለም አቀፉ ቅጂ ከናካቴው የለችም። ቅሬታዬ የቻይና ተዋንያን መግባታቸው ሳይሆን፣ ትዕይንቶቻቸው ተቆርጠው ቢወጡ ታሪኩ ምንም የማይጎድልበት መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የቼን ካይጌ «ቢጫ ምድር» ውስጥ ከመሪ ተዋንያን አንዱ የነበሩ ሰው ለወተት ማስታወቂያ መዋላቸው ያሳዝነኛል። በርካታ የቻይና ተመልካቾችም ጭማሪውን በግዴታ የተለጠፈ ነው ሲሉ በወቅቱ ተችተውታል።

የተለየ ቅጂ የተዘጋጀበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2012 በየዓመቱ የቲኬት ገቢን ከውጭ ስቱዲዮዎች ጋር በመካፈል የምታስገባቸውን የውጭ ፊልሞች ከ20 ወደ 34፣ የስቱዲዮዎቹን የገቢ ድርሻም ከ13 ወደ 25 በመቶ ከፍ አደረገች፤ የቤጂንጉ የፊልም ኩባንያ ዲኤምጂም ከማርቭል ጋር በዚህ ፊልም ሥራ ተሳተፈ። ፊልሙ በቻይና ከ120 ሚሊዮን ዶላር በላይ ስላስገባ ስሌቱ ለነጋዴው ሠርቷል ማለት ይቻላል።

በሁለቱም ቅጂዎች ያለው የክፉው ገጸ ባሕርይ የማንዳሪን አቀራረብ ግን ከልብ የሚመሰገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በኮሚክ መጽሐፍ ሲፈጠር ቻይናውያንን በክፉ የሚስል የነበረው ይህ ገጸ ባሕርይ፣ እዚህ ቤን ኪንግስሌይ የሚጫወተው፣ ሽብርተኛ መስሎ እንዲታይ የተቀጠረ ተዋናይ ሆኗል፤ ለውጡም ታሪኩን ከመሃሉ ያጥፈዋል እንጂ ከዳር አይንጠለጠልም። ለቻይናውያን ክብር የሰጠው ይህ የአጻጻፍ ውሳኔ እንጂ የተጨመሩት ደቂቃዎች አይደሉም። ስለዚህ ፊልሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ ሰው የምመክረው ዓለም አቀፉን ቅጂ ነው።