ቤታችንን መልሶ ላሞቀው የጋዝ ባለሙያ ምስጋናና ጥቆማ

የተከበራችሁ በለንደን የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው አንድ ወንድማችንን በአደባባይ ለማመስገንና ቦይለሩ፣ ማለትም ውሃ እያሞቀ ቤቱን የሚያሞቀው የጋዝ መሣሪያ፣ ላስቸገረው ሰው ሁሉ ለመጠቆም ነው። ምስጋናው የዘገየው ከመድን ድርጅቱ ጋር የነበረኝ ክርክር እስኪቋጭ ስጠብቅ ስለነበረ ነው፤ ክርክሩም ባለፈው ሳምንት አልቋል።

ነገሩ የጀመረው በጥምቀት ማግስት ነው። ደቡብ ለንደን ባለው ቤታችን ከእኔና ከልጄ ጋር የምትኖረው እናቴ 78 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ቁርጥማት ስለሚያማት ብርድ አይስማማትም። የዚያን ዕለት ጠዋት ራዲያተሮቹ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዘው፣ የቦይለሩ ግፊት መለኪያም ዜሮ ላይ ወርዶ አገኘሁት። ቦይለራችን በማይሠራበት ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ባር ግፊት ሊኖረው እንደሚገባ ከመመሪያው ስለማውቅ፣ የመሙያ ቧንቧውን ከፍቼ ውሃ ጨመርኩበት። ለጥቂት ሰዓት ሠራ፤ ማታ ሲሞቅ መርፌው ወደ 3 ባር ወጣ፣ ሲነጋ ደግሞ ተመልሶ ዜሮ ሆነ። ይህንኑ አራት ቀን ደጋገምኩት።

ለእንዲህ ያለ ቀን ብዬ የቤት ድንገተኛ ብልሽት መድን ከገባሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ አረቦኑም በየወሩ ሳያሰልስ ከሒሳቤ ይቆረጣል። ሁለት ቀጠሮ ከሥራ ቀርቼ ቤት ዋልኩ፣ የመጣ ሰው የለም። በሦስተኛው ቀጠሮ የመጣው ቴክኒሻን የቦይለሩን ሽፋን እንኳ ሳይከፍት፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው፣ ሲስተሙ በዝቃጭ ተሞልቷል፣ ምናልባትም ከወለሉ ሥር የሚያፈስ ቧንቧ አለ ብሎ ሄደ። በማግስቱ ብልሽቱ ከእንክብካቤ ጉድለት የመጣ ስለሆነ ውሉ አይሸፍነውም የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። ቦይለሩን በየዓመቱ ሰርቪስ ማስደረጌን የሚያሳዩት ወረቀቶች በእጄ ነበሩ፤ የሚያያቸው ግን አላገኘሁም። በደወልኩ ቁጥር ረጅም ሰዓት እጠብቃለሁ፣ ስልኩን ያነሳው ሁሉ ታሪኩን ከመጀመሪያው እንድነግረው ይጠይቀኛል፣ መልሱ ግን ያው ነበር። በዚያ ሰሞን እናቴ ቤት ውስጥ ካፖርት ለብሳ፣ በላዩ ጋቢ ደርባ ትውላለች፤ ገላዋንም የምትታጠበው በማንቆርቆሪያ ባፈላሁላት ውሃ ነበር።

ባለሙያውን የጠቆመችኝ ቤተ ክርስቲያን የማውቃት እህት ናት። ቅዳሜ ጠዋት በቀጠረኝ ሰዓት መጣ፤ ገና በር ላይ ቆሞ፣ ሳልጠይቀው፣ የጋዝ ሴፍ ሬጅስተር መታወቂያውን አሳየኝ። ጀርባውንም ገልብጦ ምን ምን ዓይነት ሥራ ለመሥራት እንደተፈቀደለት እንዳነብ ሰጠኝ። በእንግሊዝ አገር የጋዝ ቦይለር የሚነካ ባለሙያ በዚህ መዝገብ የሰፈረ መሆን እንዳለበት አውቅ ነበር፤ የመታወቂያው ጀርባ እንደሚነበብ ግን ያን ቀን ነው የተማርኩት። በፈቃድ ቁጥሩ የመዝገቡ ድረ ገጽ ላይ ፈልጌ ስሙንና ፎቶውን አመሳከርኩ፤ እርሱም ሳይከፋው ቆሞ ጠበቀኝ።

ከመሣሪያ ሳጥኑ በፊት የመጣው ጥያቄው ነው። "እህቴ፣ በራስሽ ባለሙያ ልታሠሪ መሆኑን ለመድን ድርጅቱ በጽሑፍ አሳውቀሻል?" አለኝ። አላሳወቅሁም ነበር። እዚያው ኢሜይል እንድልክ አድርጎ፣ በዚያ ቀን ብልሽቱን መርምሮ ብቻ እንደሚሄድና ጥገናውን ከመልሳቸው በኋላ እንደሚሠራ ነገረኝ። እናቴ በብርድ እየተንቀጠቀጠች ይህን መስማት ከብዶኝ ነበር፤ በኋላ ግን ለክርክሩ ይህን ያህል የጠቀመኝ ነገር የለም።

ምርመራው እንዲህ ነበር። ሲስተሙን ሞልቶ ካሞቀ በኋላ ወደ ውጭ ወጥቶ፣ ከግድግዳው ወደ ታች የታጠፈችውን ቀጭን የመዳብ ቧንቧ ጫፍ በትንሽ ፌስታል አሰራት። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ፌስታሉ ውሃ አቆረ። ከዚያም የቦይለሩን ሽፋን ከፍቶ፣ በውስጡ ያለውን ቀይ ጋን አሳየኝ። በጋኑ ላይ በጎሚስታ ቤት እንደምናየው የመኪና ጎማ ያለ የአየር መሙያ ቫልቭ አለ፤ ጫፉን በጠመንጃ መፍቻ ጫን ሲያደርገው በአየር ፋንታ ውሃ ፊን ብሎ ወጣ። ነገሩን ለእናቴ ጭምር በአማርኛ አስረዳት። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ በጋኑ ውስጥ ያለው የጎማ ሽፋን ከጀርባው ባለው አየር እየተደገፈ ያንን መስፋት ይቀበላል። ጎማው ከተቀደደ ግን ግፊቱ መድረሻ ስለሚያጣ 3 ባር ሲደርስ የደኅንነት ቫልቩ ተከፍቶ ውሃውን በዚያች የመዳብ ቧንቧ ወደ ውጭ ይለቅቃል፤ ቦይለሩ ሲቀዘቅዝም መለኪያው ዜሮ ላይ ይቀመጣል። ከወለሉ ሥር የሚያፈስ ቧንቧ ኖሮ ቢሆን ፌስታሉ ደረቅ በሆነ ነበር። ስለ ዝቃጩም ከሁለት ራዲያተሮች ውሃ በነጭ ስኒ ቀድቶ አሳየን፤ ጥቁር ጭቃ የሚባል ነገር አልነበረበትም። እያንዳንዱን ደረጃ ፎቶ አነሳ።

በዚያው አጋጣሚ ሳሎን ጥግ ያየውን የከሰል ምድጃ ሳይጠይቅ አላለፈም። እናቴ ለማሞቂያ ከሰል እናቀጣጥል ስትለኝ እንደሰነበተች ስነግረው፣ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ "እማማ፣ ለቡናም ቢሆን መስኮት ሳይከፈት፣ ለመኝታ ግን በጭራሽ" አላት። ከሰል ሲነድ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ቀለምም ሽታም የለውም። የቤታችንን የዚህን ጋዝ ማንቂያ ገልብጦ አየውና የአገልግሎት ዘመኑ ማለፉን አሳየኝ፤ አዲስ የገዛሁት በዚያው ዕለት ከሰዓት ነው።

የመድን ድርጅቱ በኢሜይል በአቋሙ እንደጸና ሲያሳውቀኝ፣ ባለሙያው ማክሰኞ ተመልሶ ጋኑንና የደኅንነት ቫልቩን ቀየረ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ቤቱ ሞቀ፣ እናቴም ካፖርቷን አወለቀች። 310 ፓውንድ አስከፈለኝ፤ ደረሰኙ ላይ የዕቃውና የእጁ ዋጋ ለየብቻ ሰፍሯል። የተቀደደውን ጋንም ክርክሩ እስኪያልቅ እንዳልጥለው አሳሰበኝ።

ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ግን ስለ ጻፈልኝ ሪፖርት ነው። በንዴት ላይ ስለነበርኩ የመጀመሪያው ቴክኒሻን እንደዋሸ እንዲጽፍልኝ ለመንኩት። "እርሱ ሲሠራ አላየሁትም፤ እኔ የምጽፈው ያየሁትንና የለካሁትን ብቻ ነው" ብሎ አልፈቀደልኝም። አንድ ገጽ ብቻ ናት፤ የግፊቱ ልኬት ከነሰዓቱ፣ የፌስታሉ፣ የቫልቩና የስኒው ፎቶ፣ ከሥሩም የፈቃድ ቁጥሩና ፊርማው። ያን ቀን ቅር ብሎኝ ነበር፤ ክርክሩን ያሸነፈችው ግን ያቺ ገጽ ናት።

ክርክሩን እናንተንም ሊገጥማችሁ ስለሚችል በአጭሩ ልናገር። በመጀመሪያ ለድርጅቱ መደበኛ ቅሬታ በጽሑፍ አቀረብኩ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የመጨረሻ መልሱን ለመስጠት 8 ሳምንት አለው። ጎን ለጎን ስለ እኔ የያዘውን መረጃ ቅጂ ጠየቅሁ፤ ይህ መብት በሕግ የተሰጠን ነው፣ ለመደበኛ ጥያቄም ምላሹ በአንድ ወር ውስጥ መድረስ አለበት። በመጣልኝ የቴክኒሻኑ ማስታወሻ ላይ ዝቃጭ የሚል ቃል እንጂ የተቀዳ ውሃም ሆነ የተነሳ ፎቶ አልነበረም። የመጨረሻ መልሳቸውም "አይሸፈንም" ሆነ። በዚህ ጊዜ ጉዳዩን ወደ ፋይናንሻል ኦምቡድስማን ሰርቪስ፣ በእኛው አነጋገር ወደ ፋይናንስ እንባ ጠባቂው፣ ወሰድኩት። ለተገልጋይ ክፍያ የለውም፤ ብቻ የመጨረሻው መልስ በተላከ በ6 ወር ውስጥ ማመልከት ያስፈልጋል። እዚያ የተረዳሁት ትልቁ ነገር፣ ውሉ ይህን አይሸፍንም የሚል መድን ሰጪ ያንን በማስረጃ ማሳየት ያለበት ራሱ መሆኑን ነው። መርማሪዋ ከሁለታችንም ማስረጃ ጠየቀች፤ እኔ ሪፖርቱን፣ የሰርቪስ ወረቀቶቹንና ኮሪደር ውስጥ ያስቀመጥኩትን ጋን ፎቶ ላክሁ። ድርጅቱ የሚልከው ነገር አልነበረውም። የጥገናውን ሙሉ ወጪና ለደረሰብን እንግልት ካሳ እንዲከፍል የሰጠችውን አስተያየት ድርጅቱ ተቀብሎ፣ ገንዘቡ ባለፈው ሳምንት ገባልኝ።

ወንድማችን ስልኩ በአደባባይ እንዳይወጣ ስለጠየቀኝ ስሙንም ቁጥሩንም እዚህ አላስቀመጥኩም፤ በግል ለሚጽፍልኝ ግን እንድሰጥ ፈቅዶልኛል። በላምቤዝ፣ በሳውዝዋርክና በሉዊሻም ይሠራል፤ ቅዳሜም ይመጣል፣ እሑድ ግን ቅዳሴ ስላለው አይሠራም። የጋዝ ሽታ የሸተተው ሰው እርሱን አይጠብቅ፤ መስኮት ከፍቶ፣ ከቤት ወጥቶ፣ ሌሊትም ቀንም ወደሚሠራው የጋዝ አደጋ መስመር፣ 0800 111 999፣ ይደውል።