በጮቄ ግርጌ የሚለጠፈው የወረዳ በጀት፦ ስለ ማስታወቂያ ሰሌዳውና ስለ ማብራሪያ አገልግሎቱ

በምሥራቅ ጎጃም፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ባለ አንድ ወረዳ፣ የገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ የጸደቀውን ዓመታዊ በጀት በሠንጠረዥ አዘጋጅቶ በግቢው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፋል፤ ገብቶ ለሚጠይቅ ነዋሪም በባለሙያ ያስረዳል። የማብራሪያ አገልግሎቱ ከጠበቅሁት በላይ ጥሩ ነው። ሰሌዳው ግን አርሶ አደሩ አጥብቆ የሚፈልጋቸውን ሁለት ነገሮች፣ ማለትም ለአፈርና ውሃ ጥበቃ የተመደበውንና ለአካባቢው ጸጥታና አደጋ መከላከል የተያዘውን ገንዘብ፣ ለይቶ አያሳይም።

የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 52 ለክልሎች ከሰጣቸው ሥልጣኖች መካከል መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን ማስተዳደር፣ የክልሉን በጀት ማዘጋጀትና ማስፈጸም፣ እንዲሁም የክልሉን ፖሊስ ማደራጀትና ሰላምን ማስጠበቅ ይገኙበታል። በዚሁ መሠረት የክልሉ ምክር ቤት በጀቱን በአዋጅ ያጸድቃል፤ አዋጁም የክልሉ ሕጎች በሚወጡበት በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ይታተማል። ከዚያም በቀመር የተደለደለው ጥቅል ድጎማ፣ ማለትም ወረዳው ራሱ ለየሥራው የሚያከፋፍለው ገንዘብ፣ ወደ ወረዳ ይወርዳል፤ ወረዳውም የራሱን ገቢ ጨምሮ በምክር ቤቱ ያጸድቀዋል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። አንድ ነዋሪ ይህን ሁሉ ጉዞ የሚያየው በሰሌዳው ላይ በተለጠፈው አንድ ወረቀት ብቻ በመሆኑ፣ የወረቀቱ አዘገጃጀት ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ሠንጠረዡ በደማቅ ፊደል ታትሞ ዝናብ እንዳያበላሸው በላስቲክ የተሸፈነ ሲሆን፣ መደበኛ (እንደ ደመወዝ ያለ የዘወትር ወጪ)፣ ካፒታል (የግንባታና የልማት ወጪ) እና ድምር የሚሉ ዓምዶች አሉት። መሥሪያ ቤቶቹ አስተዳደርና ጠቅላላ አገልግሎት፣ ኢኮኖሚና ማኅበራዊ በሚሉ ሦስት ዘርፎች ተመድበዋል። ግብርና አንድ መስመር ብቻ ይዟል፤ ሰብሉም፣ መስኖውም፣ የተፋሰስ ልማቱም እዚያው ውስጥ ተጠቃለዋል። ጸጥታውም በአስተዳደር ዘርፍ ሥር ከሌሎች ወጪዎች ጋር ተደምሯል። ስለዚህ ማንበብ የሚችል ሰው እንኳ ከሰሌዳው ፊት ቆሞ ለቀበሌው ቦረቦር ማገጃ ምን ያህል የጋቢዮን ሽቦ (ድንጋይ ተሞልቶበት ክትር የሚሠራበት) እንደሚገዛ፣ ወይም ጎርፍና ቃጠሎ ቢደርስ ምን እንደተያዘ ሊያውቅ አይችልም።

ጉድለቱን የሚያካክሱት ባለሙያዎቹ ናቸው። አንድ አዛውንት፣ "ልጄ፣ በጥር የሠራነው ክትር የትኛው መስመር ላይ ነው?" ብለው ሲጠይቁ፣ ባለሙያዋ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ዝርዝሩን አወጣች። "አባቴ፣ የጉልበታችሁ ዋጋ እዚህ አልተጻፈም፤ የጋቢዮኑ ሽቦ ግን ግብርና ውስጥ አለ" ብላ በጣቷ እየጠቆመች አሳየቻቸው። ቀጥሎም በሒሳብ መደቦቹ፣ ማለትም በወጪ ዓይነት መለያ ቁጥሮቹ፣ 6111 የቋሚ ሠራተኞች ደመወዝ፣ 6217 ነዳጅና ቅባት፣ 6231 ደግሞ የውሎ አበል መሆኑን እየለየች አስረዳች። ሰውዬው የቀበሌያቸውን ሥራ የሚከታተለው ባለሙያ ለምን አልፎ አልፎ ብቻ እንደሚመጣ የተረዱት ያኔ ነው፦ ደመወዙ ሙሉ ነው፤ ነዳጁና አበሉ ግን እጅግ ትንሽ ነው። እንዲህ ያለ ማብራሪያ ከየትኛውም የስብሰባ ንግግር ይበልጣል።

ባለሙያዋ "አልተጻፈም" ያለችው ነገር ግን ሊታለፍ አይገባም። ሕዝቡ በየዓመቱ በበጋው ወራት እርከን ሲሠራና ክትር ሲያቆም የሚያፈሰው ነጻ ጉልበት ለተፈጥሮ ሀብት ሥራው ትልቁ መዋጮ ሆኖ ሳለ፣ በሠንጠረዡ ላይ የግርጌ ማስታወሻ እንኳ አልተሰጠውም። ጉልበቱ ተቆጥሮ ቢታይ፣ ሽቦው ወይም የችግኝ ማፍያ ላስቲኩ ሳይቀርብ ሲቀር የማን ድካም ከንቱ እንደሚሆን ምክር ቤቱም በቀላሉ ይገነዘበው ነበር።

ሁለቱን ዘርፎች አንድ ላይ የማነሣው በአካባቢያችን ስለማይነጣጠሉ ነው። ጨሞጋ፣ ሙጋና ሱሃ ከጮቄ ተነሥተው ዓባይ የሚገቡ ወንዞች ናቸው፤ ተዳፋቱ በተራቆተ ቁጥር አፈሩ በእነርሱ በኩል ወደ ዓባይ፣ ከዚያም ወደ ሕዳሴው ግድብ ይወርዳል። በደጋው የጓሳ ሣርና የአስታ ቁጥቋጦ ላይ እሳት ሲነሣ የሚሮጠው የቀበሌው ሕዝብ ነው። ቁልቁለቱ እንዲያገግም የወል ግጦሽ ሲከለልም ጥቅሙ የታወቀ ነው፤ ይሁን እንጂ ጥበቃ ካልተመደበለትና ለከብት ሌላ መኖ ካልታሰበ የድንበርና የግጦሽ ጠብ ይነሣል፣ ጠቡም ከግብርና ጽሕፈት ቤት ወደ ፖሊስ ይሄዳል። በአንዱ መሥሪያ ቤት የተቆጠበው ብር በሌላው እጥፍ ሆኖ ይወጣል ማለት ነው። ሰሌዳው ሁለቱን መስመሮች ለይቶ ጎን ለጎን ቢያስቀምጣቸው ኖሮ ይህ ዝምድና ለማንም ግልጽ በሆነ ነበር።

ሌላው ጉድለት የሚለጠፈው የተመደበው ገንዘብ ብቻ መሆኑ፣ ሥራ ላይ የዋለው ግን አለመለጠፉ ነው። በተለይ መጠባበቂያው ለጎርፍ፣ ለበረዶ ወይስ ለሌላ ጉዳይ እንደወጣ በየሩብ ዓመቱ ቢገለጽ ብዙ ሐሜትን ያስቀራል።

አገልግሎቱን ለመጠቀም የሚያስብ ሰው በገበያ ቀን ጠዋት ቢሄድ ይመረጣል፤ ከሰዓት በኋላ ባለሙያዎቹ ብዙ ጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው። የግቢው ጥበቃዎች ማንንም አይከለክሉም፣ ወረፋም የለም። ሰሌዳውን አይቶ ከመመለስ ይልቅ ወደ ውስጥ ገብቶ የግብርናውንና የጸጥታውን ዝርዝር ገጽ በስም ጠቅሶ ይጠይቅ፤ ሲጠየቁ ያሳያሉ። ጽሕፈት ቤቱም የሐምሌውን ሠንጠረዥ ሲያዘጋጅ "የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ" እና "ጸጥታና አደጋ መከላከል" የሚሉ ሁለት መስመሮች ይጨምርበት፤ አኃዙ በእጁ ስላለ ሥራው ከአንድ ቀን አያልፍም።